የሰሌዳ ሁለት ወገን

ዋንዛ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆና ደርቆ ብዙ ዓመት ካለፈው በኋላም ክረምትን ያውቃል። ሰኔ ገብቶ የጎንደር ደጋ አየር እርጥበት ሲሸከም፣ በር ሆኖ የቆመው ዋንዛ ያብጥና ከመቃኑ ጋር ይተናነቃል። ጥቅምት ላይ ይላቀቃል፤ በጥር ደግሞ በሳንቆቹ መካከል ብርሃን ያስገባል። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በፀዳ የሚኖር ሰው ይህን ከማንም አልተማረም፤ ነሐሴ ላይ በሩን በትከሻው እየገፋ ሲከፍት ኖሯል። እንጨት ውኃ የሚቀበልና የሚመልስ ገላ ነው። በቁመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። በወርዱም ቢሆን እኩል አይደለም፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚንቀሳቀሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሳንቃ የሚጎብጠው፣ የሚጠመዘዘው፣ አንዳንዴም የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ፊት የሌለው አንድ የድምፅ ማጉያ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠራ ራዲዮ ጠጋኝ ከሞቱ መሣሪያዎች እየለቀመ የገጣጠመው ነው። ትራንስፎርመሩ ከአንዱ መጣ፣ ቮሊየሞቹ ከሌላው፤ ሣጥኑ ከቆርቆሮ ታጠፈ። ድምፁ የጠራ ነው። በገና ሲደረደርበት የእንዚራው ዝዝታ ሳይቀር ለይቶ ያሰማል። ከፊት በኩል ግን ጥሬ ቆርቆሮ ነው፤ ሦስት ዘንግ ወጥቶበታል፣ የትኛው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የገጣጠመው ሰው ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየው እጁን ይሰበስባል።

የመሣሪያ ፊት ሰው የሚነካው ቦታ ነው። ከዚያ በስተኋላ ያለው ሁሉ፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሙቀት የሚያስወጣው የአሉሚኒየም ክንፍ፣ እጅ እንዳይደርስበት የተከለለ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መሣሪያ ፊቱን ይዞ ይወለዳል፤ ስሙ ተጽፎበታል፣ ማዞሪያው ተለይቷል። በጠጋኝ እጅ የተወለደው ግን ይህ አይታደለውም። አንዳንዱ ባለሙያ የታወቀ የውጭ ኩባንያ ምልክት ከወደቀ መሣሪያ ፈቅፍቆ ይለጥፍበታል። እኔ ይህን አልወድም። ለዚህ ማጉያ የራሱ የሆነ ፊት ይገባዋል ብዬ አሰብኩ፤ ፊቱም እኛው አገር ከበቀለ እንጨት፣ ከስስ የዋንዛ ልባጥ፣ እንዲሆን መረጥኩ።

ልባጥ የሚሉት፣ በከተማ ያሉ አናጢዎች ደግሞ ቬኒር የሚሉት፣ እንደ ወፍራም ወረቀት ስስ ሆኖ የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ዛሬ በፋብሪካ በቢላ የሚላጠው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። በየቤቱ ዳንቴል ለብሰው ከመደርደሪያ ላይ የተቀመጡት የድሮዎቹ የጀርመንና የሆላንድ ራዲዮኖች፣ ሰው ሁሉ ወጥ እንጨት የሚመስለው ያ የሚያብረቀርቅ ገላቸው፣ አብዛኛው ይኸው ነው፤ ከሥር ኮምፔርሳቶ፣ ከላይ ስስ የዋልነት ልባጥ፣ በላዩ ቫርኒሽ። ጥበቡም ከእነሱ እጅግ ይቀድማል። የግብፅ ፈርዖኖች አናጢዎች ከደቡባቸው በሚመጣ ዞጲና የዝሆን ጥርስ፣ በተራ እንጨት ላይ በሙጫ እየለበጡ ሣጥንና ወንበር ይሠሩ ነበር፤ በቱታንክሃሙን መቃብር የተገኘው ዕቃ ምስክር ነው። ያን ዞጲ የሚያበቅለው ምድር የእኛንም ቆላ ይጨምራል።

ለምን ወጥ ዋንዛ አይሆንም? አንደኛው ምክንያት ከላይ ያልኩት ነው፤ ስስ ሆኖ የተላገ ወጥ ሰሌዳ ከውስጥ በመሣሪያው ሙቀት፣ ከውጭ በክረምቱ እርጥበት ሲያዝ ይጎብጣል። ሁለተኛው የዛፉ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የያዘኝም እሱ ነው። ከፀዳ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በብዛት የሚያየው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣውን ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉ ዛፍ ተሰብስቦ የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ከእግዚአብሔርም ከሰፈሩም ይጣላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ዋንዛ ዝም ብሎ ሳንቃ አይደለም። ነጭ አበባው የንብ መሰማሪያ ነው፤ ፍሬው የእረኛ ልጆች ምሳ ነው፤ ገላው ከበሮ ይሆናል፣ ገበታ ይሆናል፣ በር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ለሦስት ማዞሪያ መሸከሚያ በሙሉ ውፍረቱ ማዋል ከበደኝ።

ስለዚህ አዲስ ዋንዛ አልተቆረጠም። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የበር ሳንቃ አገኘሁ፤ በአንድ ወገኑ ጭስ የጠጣ፣ በሌላው ፀሐይ የመታው። ፀዳ ውስጥ በዋናው መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው አዛውንት አናጢ በመሰንጠቂያ ማሽን ሰነጠቁልኝ። እዚህ ላይ ስሌቱ ያሳዝናል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በፋብሪካ ቢላ ቢላጥ ሠላሳ ያህል ቅጠል ይወጣዋል። በመጋዝ ሲሰነጠቅ ግን አንዱ ቅጠል አንድ ሚሊ ተኩል ይፈልጋል፣ መጋዙ ደግሞ ሁለት ሚሊ ተኩል ይበላል፤ የሚተርፈው አምስት ቅጠል ነው። ከዋንዛው የሚበልጠው ክፍል ሰጋቱራ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። ቢሆንም አምስት ፊት ከአንድ ሳንቃ ወጥቷል።

ሳንቃው ሲከፈት ውስጡ ደስ የሚል ቡናማ ነበር፤ ወደ ቀይ የሚወስደው፣ ጭሱ ያልደረሰበት። ለሰፊ ሥራ፣ ተከታትለው የወጡትን ሁለት ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ከፍቶ ጎን ለጎን ማጋጠም የሙያው የቆየ ልማድ ነው፤ የእንጨቱ መስመር በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ይቆማል፣ መሐል ላይ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ሐረግ የመሰለ ነገር ይፈጠራል። ማንም ያልሣለው ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ የጻፈው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የተቃወመኝን ላንሳ። «ይህ እኮ ማስመሰል ነው» አለኝ። «ውስጡ ኮምፔርሳቶና ቆርቆሮ፣ ላዩ ዋንዛ። እንጨት ሳይሆን እንጨት ነኝ የሚል ዕቃ ልትሠራ ነው።» ወዳጄ ማስመሰልን የሚጠላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን በቁም ነገር ያዝኩት።

ማስመሰልስ አለ። ዛሬ በየቤት ዕቃ መሸጫው የሚታየው ችፑድና ኤምዲኤፍ ላዩ የተለበጠው በእንጨት አይደለም፤ የእንጨት ፎቶግራፍ በታተመበት ወረቀት ነው። የዚያ ወረቀት ጉጥ ቅርንጫፍ አልነበረውም። አንዱ ሥዕል ሺህ ጊዜ ስለሚታተም፣ ጎንደር ያለው ቁም ሣጥንና አዲስ አበባ ያለው ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ጉጥ፣ አንድ ዓይነት መስመር ይዘው ይገኛሉ። የእኔ ልባጥ ግን ሥዕል አይደለም፤ ዋንዛው ራሱ ነው። ስስ መሆኑ ዋንዛነቱን አልወሰደበትም።

ይህን ነገር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን አጥብቆ መርምሮታል። ረስኪን ለሕንፃ እውነተኝነት የሚቆጣ ሰው ነበር፤ እንጨትን እብነ በረድ አስመስሎ መቀባትን እንደ ውሸት ይቆጥረው ነበር። ቬኒስ ሄዶ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ግን ጡብ ላይ የተለጠፈውን ስስ እብነ በረድ ተከራከረለት። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቬኒስ ድንጋይ የሌላት የባሕር ከተማ ናት፤ እብነ በረዱ በመርከብ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ነገር ስለሆነ፣ ለግድግዳ ውፍረት ማዋል ብክነት ይሆን ነበር። ሌላው ደግሞ የቬኒስ ሠራተኛ የለጠፈውን አልደበቀም፤ የተያያዘበት ችንካር እንኳ ይታያል። ውድ የሆነን ነገር በስሱ መጠቀም፣ በስሱ መሆኑን ካልደበቁት፣ ቁጠባ ነው። የእኛ ዋንዛ ዛሬ እንደ ቬኒስ እብነ በረድ ሆኗል። ስለዚህ የሰሌዳውን ጠርዝ ላለመሸፈን ወሰንኩ። አናጢው በቀጭን የእንጨት ጥብጣብ ሊዘጉልኝ ፈልገው ነበር፤ ባይዘጋ እመርጣለሁ አልኳቸው። ከጎን የሚያይ ሰው የኮምፔርሳቶውን ድርብርብ፣ በላዩም ስሱን ዋንዛ ያያል።

ለዚህ ግን ቬኒስ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤቶች ካሉት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ገበታው እንጨት ነው፤ ዋንዛ ወይም ወይራ ወይም ሌላ። ላዩ ድጉስ ነው፤ ቀይ ቆዳ፣ ደጓሹ በጋለ ብረት መስመርና መስቀል ያተመበት። ድጉሱን አይቶ «ይህ መጽሐፍ በሙሉ ቆዳ ነው» ብሎ የሚሳሳት የለም፤ እንጨቱም አታለለን የሚል የለም። ቆዳው እጅ ለሚነካው ወገን ነው፣ ገበታው ለክብደቱ ነው፣ ብራናው ለቃሉ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል። ደጓሹ ቆዳውን ወደ ውስጥ ቀልብሶ በገበታው ውስጠኛ ወገን ላይ ይለጥፈዋል፤ መሐል ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጨርቅ፣ አንዳንዴም በሚያምር የውጭ አገር ሐር ይሞላዋል። መጽሐፉ ተዘግቶ ሳለ ያ ጨርቅ አይታይም። በኦሪት ዘጸአትም ለሙሴ የተሰጠው ትእዛዝ ታቦቱ ከግራር እንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንዲለበጥ ነው፤ በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም። ማንም የማያየውን ውስጥ ወርቅ ማልበስ ለምን አስፈለገ ብለው መተርጉማን ብዙ ብለዋል። እኔ ይህን ጥያቄ የተረዳሁት በአናጢው ሥራ ቤት ነው።

ቅጠሉን ይዤ ኮላ ልንቀባ ስንል አዛውንቱ እጃቸውን አቆሙ። «ኋላውን ምን ልታለብሰው ነው?» አሉኝ።

«ኋላው እኮ ቆርቆሮው ላይ ነው የሚያርፈው፣ አያ። ማን ያየዋል?»

«ሰው አያየውም። እንጨቱ ግን ያውቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮላ ውኃ አለበት። የተቀባው ልባጥ ውኃውን ጠጥቶ ይሰፋል፤ እንደ ሰፋም ከኮምፔርሳቶው ጋር ይጣበቃል። ሲደርቅ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይሰበሰባል፤ ግን ተይዟል። ስለዚህ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ከፊት ብቻ የተለበጠ ስስ ሰሌዳ ጠዋት ከሞርሳው ሲወጣ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሰንብቶ ግን እንደ ሙገጎ ወደ ፊቱ ጎብጦ ይገኛል። ቢደርቅም አያበቃም፤ በየክረምቱና በየበጋው ያው ጉተታ ይቀጥላል። መድኃኒቱ አንድ ነው። በጀርባው በኩል ያንኑ እንጨት፣ በዚያው ውፍረት፣ መስመሩን በዚያው አቅጣጫ አድርጎ፣ በዚያው ኮላ፣ በዚያው ሰዓት መለበጥ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲጎትቱ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮምፔርሳቶ ራሱ የሚቆመው በዚሁ ሕግ ነው፤ ቅጠሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎደሎ ቁጥር ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ይተኛል፣ ከመሐለኛው ግራና ቀኝ ያሉት እኩል ናቸው።

ስለዚህ ፊት ብቻውን አይሠራም። ለአንድ ፊት ሁለት ቅጠል ዋንዛ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ማንም ሳያየው ተደብቆ ይኖራል። ከላይ ያልኩት የቁጠባ ስሌት እዚህ ላይ ይናዳል፤ ከአንድ ሳንቃ አምስት ፊት አልወጣም፣ ሁለት ፊት ወጥቶ አንድ ቅጠል ተረፈ። ለጀርባው ጉጥ ያለበትን፣ ጭስ የነካውን ቅጠል መምረጥ ይቻላል፤ ሙያው ይፈቅዳል። ውፍረቱንና አቅጣጫውን ግን ማጓደል አይፈቅድም። ጀርባው እንደ ፊቱ እንዲያምር አይጠየቅም፤ ድርሻው ግን እንዲጎድልበት አይደረግም።

ይህን ሳስብ ልቤ ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ከተማዋን ያዘ። ጎንደር ፊቷ የታወቀ ነው። ፋሲል ግንብ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በየፖስት ካርዱና በየቀን መቁጠሪያው ላይ አለ። ያን ፊት ያቆመውስ ጀርባ? የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት በጎንደር ዘመን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ካገለገሉት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረጉ ጉባኤዎች ደግሞ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ጻድቁ ዮሐንስ የተባሉት እኒህ ንጉሥ በ1674 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አርፈው የተቀበሩት እዚሁ ፀዳ ነው። መጽሐፍ ይወዱ ነበር፤ በፋሲል ግቢ ውስጥ ቤተ መጻሕፍታቸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲያድሱት ግድግዳውን በልስን ሸፈኑት። ይህ ልባጥ ለእኔ ከወዳጄ ክስ የማያመልጠው ዓይነት ነው፤ የድንጋዩን ፊት በሌላ ፊት ዘጋው፣ ግንበኛው ድንጋዩን ከኖራ ጋር ያዋደደበት እጅ አይታይም።

የባለ እጅ ነገር ግን ከልስን የከበደ ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ለቤታችን ሁሉ የሚያስፈልጉት፣ በቡዳነት ሲጠረጠሩ፣ በጋብቻ ሲገለሉ፣ መሬት ሲነፈጉ ኖሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ የቱን ያህል እንደነበር ይናገራል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ሰዎቿ ከጎንደር አገር ወገኖቻቸው ጋር በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ናፍቆቱም፣ እምነቱም፣ ረሃቡና ጦርነቱም አለ። እኔ የማስበው እዚሁ ሳሉ ስለሆነው ነው። ለፊቱ የተሰጠውን ክብር ያህል ለጀርባው ቢሰጥ ኖሮ የዚህ አገር ሰሌዳ እንዴት ይቆም ነበር? እንጨት የተነፈገውን አይረሳም፤ ጎብጦ ያሳያል። የአገራችንን የእጅ ሙያ ስንመለከት፣ አራት መቶ በሚጠጋ ዓመት ውስጥ ከፋሲል ግንብ ወደ ጥሬ ቆርቆሮ ማጉያ የወረድነው ችሎታ አንሶን አይመስለኝም። የሚሠራውን እጅ በጀርባ አስቀምጠን፣ በጀርባ ያለውን አንለብጥም ብለን ነው።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። ሁለቱም ወገን ተለብጦ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሁለት ቀጥ ያሉ ሳንቆች መካከል በሞርሳ ታስሮ አደረ። ማስቲሽ ፈጣን ነው የሚል ባለሙያ ብዙ ነው፤ ሞርሳም አይፈልግም። ነገር ግን ማስቲሽ ሁልጊዜ ትንሽ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ የማጉያው ሙቀት ሲያገኘው ልባጡ ይንሸራተታል፣ ይነፋል። የልብስ ካውያ የሚጠቀሙም አሉ፤ ሁለቱን ወገን ኮላ ቀብቶ አድርቆ በካውያ ሙቀት ማጣበቅ ነው፣ ለትንሽ ሥራ ያምራል። እኛ የመረጥነው ዝግ ያለውን መንገድ ነው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ። እዚህ ላይ እጅ መፍራት አለበት፤ ልባጡ ስስ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ከሥሩ ኮምፔርሳቶው ብቅ ይላል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ቀዳዳው የባሰ ነው። ይህን ያህል ተለፍቶበት ያማረን ፊት መብሳት ያስጨንቃል። ያልተበሳ ፊት ግን ለመሣሪያው ግድግዳ ነው። የቮሊየም ዘንግ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሚሊ ነው፤ በዳዶ የሚታሰርበት ጥርሱ አጭር ስለሆነ ወፍራም ሰሌዳ አልፎ አይወጣም። ስለዚህ ሰሌዳው ከጀርባው በኩል በየዘንጉ ዙሪያ ይፈለፈላል። ሲበሳም ከፊትም ከኋላም ውዳቂ እንጨት ተደግፎበት ነው፤ አለዚያ መሰርሰሪያው ሲወጣ የልባጡን ጠርዝ ይቦጭቀዋል።

ቆርቆሮውስ? መጀመሪያ ላይ ቆርጬ ልጥለው አስቤ ነበር። ራዲዮ ጠጋኙ ከለከለኝ። እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ያ ለእጅ ጥሩ ነው፣ ለድምፅ ግን መጥፎ ነው። በዙሪያችን ያለው ባለ 50 ኸርዝ የመብራት ሞገድ በእንጨቱ ያለ ከልካይ ያልፋል፤ ወደ ቮሊየሙ ይገባል፤ በድምፅ ማጉያው «እምምም» ብሎ ይወጣል። ያን የሚይዘው ከግራውንድ ጋር የተያያዘው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ያ የናቅሁት ጥሬ ብረት በቦታው ቀረ፤ ዋንዛው ከፊቱ ቆመለት፣ እሱም ከኋላ ሆኖ ጸጥታውን ጠበቀለት።

የቀረው ጽሕፈቱ ነበር። የድሮ ራዲዮኖችን የጣቢያ መስታወት ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ሂልቨርሱም፣ ሉክሰምበርግ፣ ፓሪስ፣ ሮማ እያለ የአውሮፓ ከተሞችን ይደረድራል። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ብሥራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲያሰማ፣ የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. አማርኛ ሲጀምር፣ በኋላም የአሜሪካ ድምፅ ሲከተል፣ የኛ ሰው ወሬውን የሚፈልገው በሌላ ሰው ከተሞች ስም መካከል ነበር። ጎንደርን በመስታወቱ ላይ ያነበበ የለም። ቀይዋ መርፌ በሁለት የማይታወቁ ከተሞች መሐል ስትቆም አዲስ አበባ ተገኘች ይባል ነበር። የባዕድ ፊት ላይ የራስን ድምፅ መፈለግን ተለማምደን ኖረናል።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን የሚጻፈው የኛ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ቀጭን። ጫፍ ላይ፣ ኃይል። ፊደሉ በቀጭን መሮ ተፈልፍሎ፣ ሦስቱ በጥቁር፣ ኃይል የሚለው በቀይ ተሞላ፤ የብራና ጸሐፊዎች ሊያከብሩት የሚፈልጉትን ስም በቀይ እንደሚለዩት። ቫርኒሹ ከዚያ በኋላ ተቀባ፤ ከፊትም ከኋላም፣ እኩል። ጀርባው ሳይቀባ ቢቀር እርጥበቱ በዚያ በኩል ገብቶ የአናጢውን ምክር ሁሉ ከንቱ ያደርገው ነበር።

ስም የት ይጻፍ የሚለው አከራከረን። አናጢው የራሳቸውን ስም አልፈለጉም። «የእንጨት ሥራ ስም አይጻፍበትም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል» አሉ። የድሮ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ስማቸውን ሲጽፉ ጸሎት ለመለመን እንጂ ለመታወቅ አልነበረም ብለው ሊያሳምኑኝ ሞከሩ። እኔ አልተስማማሁም። የባለ እጅ ስም በጀርባ መቅረቱ ትሕትና ብቻ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር፤ የኖርነው ታሪክ ግን እንዲያ አይልም። «አያ፣ አንቱ ባይፈልጉም ሰሌዳው ይፈልጋል» ብዬ ለመንኳቸው፤ በመጨረሻ በጠርዙ ላይ፣ ድርብርቡ በሚታይበት በኩል፣ በትንሽ ፊደል እንዲሆን ፈቀዱ።

ራዲዮ ጠጋኙ ግን ምንም አልተግደረደረም። ስሙ ከፊት፣ ከኃይል ማብሪያው በላይ እንዲሆን ጠየቀ፤ የስልክ ቁጥሩንም እንድጨምርበት።

«ቁጥሩ ለምን?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ነገ ቢበላሽ ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለኝ። ቦታ ስላነሰ ፊደሉን አሳንሼ ሁለቱንም ጻፍኩለት።